ገፈርሳን በመኪና የዞረው አሰልጣኝ

አሰልጣኝ መርዕድ መሞቱን የሰማሁት ከድሮ ክለባችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጠዋት ሱቅ እየከፈትኩ ስልኬ ተንጫጫ። አንዱ "የብስክሌት አባት አጣን" ይላል። ሌላው "ጉለሌ ጨለመባት" ይላል። ከሥር ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች፣ የተለኮሱ ሻማዎች፣ የተጣመሩ እጆች ይደረደራሉ። እኔም እንደ ሰው "ነፍስ ይማር" ብዬ ላክሁ። ነፍሱን ቢምረው አይከፋኝም፤ እሱ የፈጣሪ ጉዳይ ነው። እኔ ግን ሰውየውን ስንቀው ነው የኖርኩት፤ ስለሞተም ያከበርኩት ለመምሰል አልፈልግም።

"እሱ" እያልኩ ሳወራ የሚቀየመኝ ይኖራል። ፊት ለፊት ስንገናኝ "እርስዎ" እለው ነበር። በዕድሜ አባቴን ያህላል፣ እናቴም ታላቅን አንተ እንድል አድርጋ አላሳደገችኝም። ዞር ካለ በኋላ ግን "እሳቸው" የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም ነበር። ዛሬም እምቢ አለኝ።

ጉለሌ ውስጥ አሰልጣኝ መርዕድን የማያውቅ አልነበረም፤ እሱም እንዳይታወቅ ሆኖ አይለብስም። ሆዱ ላይ የተወጠረች ቢጫ የተወዳዳሪ ማሊያ፣ ጥብቅ ያለች ቁምጣ፣ ቢደምንም ቢዘንብም ከግንባሩ የማይወርድ ጥቁር መነጽር፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ። ባቱን እንደ ተወዳዳሪ ይላጫል። ሃምሳ ያለፈው ሰው ባቱን ተላጭቶ በአዲሱ ገበያ መሐል ሲያልፍ ገዢም ሻጭም ሥራ ይፈታል። አንዲት ቀይ ብስክሌት አለችው። ከእጁ አትለይም፤ ሲነዳት ግን አይቼው አላውቅም። አንድ እጁን ኮርቻዋ ላይ ጣል አድርጎ ከጎን ከጎኗ እየተራመደ ይገፋታል። መሰብሰቢያችን ሲደርስ ግድግዳ ላይ ያስደግፋትና ክለቡ የሚከራየው ፒካፕ ጋቢና ውስጥ ይገባል። ለምን እንደማይነዳ ስንጠይቀው መልሱ ያው ነበር።

"እኔ ከነዳሁ እናንተን ማን ያያችኋል?"

ወሬው ማለቂያ የለውም። "በእኔ ጊዜ" ብሎ ከጀመረ ጎማችን እስኪበርድ ያስቆመናል። በእሱ ጊዜ ዳገት አልነበረም፤ ሁሉም ለእሱ ሜዳ ነበር። በእሱ ጊዜ ሰሜን ድረስ ለውድድር ሄዶ ጣሊያን ብስክሌት ያሠለጠናቸውን ሰዎች በጎማ ርዝመት ቀድሟል። "በስንት ዓመተ ምሕረት?" ያለው ሰው ቢኖር ፊሽካውን ይነፋል። ፊሽካዋ መልስ ለሌለው ነገር ሁሉ መልስ ነበረች። ከዚያ አንዳችንን ይመርጥና በጣቱ የዚያን ልጅ ግንባር ነካ እያደረገ "እግር አለህ፣ ጭንቅላት ግን የለህም" ይላል። ለሁላችንም ብሎናል። ለክለቡ ሊቀመንበርም ብሎታል፤ እግር እንኳ የሌለው ሰው ነበር፣ ማለቴ ለብስክሌት።

እኔ ወደ ክለቡ የገባሁት በአባቴ ሱቅ በኩል ነው። አባቴ አዲሱ ገበያ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው፤ እኔም በወንድሜ ብስክሌት ዕቃ ለደንበኞች አደርስ ነበር፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ አንዳንዴ ግማሽ ኩንታል ስኳር ከኋላ አስሬ እስከ ቁስቋም ድረስ እወጣለሁ። አንድ ቀን አሰልጣኝ መርዕድ ዳገቱ ላይ አየኝና ብስክሌቱን እየገፋ ሱቃችን ድረስ መጣ።

"ይህችን ልጅ አወጣታለሁ" አለው አባቴን።

አባቴ ሂሳብ እየሠራ ነበር፤ ቀና ብሎ ባቱን አየና መልሶ አቀረቀረ።

"ከየት ነው የሚያወጧት? ከሱቁ ከሆነ ዕቃ የሚያደርስልኝ ሰው የለኝም።"

እናቴ ናት ያስፈቀደችልኝ። ሻርፕ በሄልሜቴ ሥር አስሬ፣ ረጅም ሱሪ ለብሼ፣ እሑድ እሑድ እንድሄድ ተስማማን። በክለቡ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። አሰልጣኙ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ "የእኔ ግኝት" እያለ ያሳየኛል፤ ስሜን ግን እስከ መጨረሻው "ዘይነባ" እያለ ነው የጠራኝ። ዘቢባ ነው ስሜ።

እኛን የክለቡን ልጆች ያገናኘን፣ ኋላም የለያየን፣ የገፈርሳ ዙር ነው። ከሰፈራችን ተነስተን በዊንጌት ወደ አስኮ እንወርዳለን፣ ቡራዩን እናልፋለን፣ ከዚያ መኪናው እየሳሳ አየሩ ይቀዘቅዛል። ትንሽ እንደሄድን በስተቀኝ ውኃው ብቅ ይላል። ገፈርሳ ከተማው የሚጠጣው የግድብ ውኃ ነው፤ ዙሪያውን ጥድና ባህር ዛፍ ከበውታል። ክለቡ ለዓመታት ግድቡ ጋ ደርሶ ነበር የሚመለሰው። ከግድቡ ጀርባ በጫካው ውስጥ ገብቶ ውኃውን ዞሮ እንደገና ዋናው አስፋልት ላይ የሚያወጣ ጠባብ መንገድ መኖሩን ያገኘው ሙሉቀን ነው።

ሙሉቀን የቀጨኔ ልጅ ነው፤ በብስክሌት ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ጥቂት የሚናገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ማንም ሳይልከው እየሄደ መንገዱን አጠና፤ የት ላይ አስፋልቱ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ዳገት ላይ ማርሽ እንደሚቀነስ፣ ከውኃው የሚመጣው ነፋስ የት ጋ ጎን እንደሚመታ። ከልምምድ በኋላ ለአሰልጣኙ እያብራራ ይነግረዋል። አሰልጣኙ "እ... እ..." እያለ ይሰማል፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ፊታችን ቆሞ ያንኑ እንደ ራሱ አድርጎ ይተርክልናል።

"ነፋሱ ከግራ ነው የሚመታችሁ! እኔ እዚያ መንገድ ላይ ያላየሁት ነፋስ የለም!"

እኔ ሙሉቀንን በዓይኔ እፈልገዋለሁ። እሱ ካቴናውን ዘይት እየቀባ አንገቱን ደፍቷል።

"አትናደድም?" አልኩት አንድ ቀን።

"ምን አለበት? መንገዱ እኮ እዚያው ነው" አለኝ።

እኔ ግን በእሱ ምትክ እናደድ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ፣ ለክለቡ ብስክሌት ሊገዙ ያሰቡ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። አሰልጣኙ ዙሩን ሙሉ በፍጥነት እንድንሄድላቸው ፈለገ። ጠዋት ግድቡ ጋ ተሰበሰብን። እንግዶቹ ፒካፑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አሰልጣኙ ቢጫ ማሊያውን አሳጥቦ፣ ባቱን ቅባት ቀብቶ መጥቷል። ሙሉቀን ወደ እሱ ጠጋ አለ።

"አሰልጣኝ፣ ከጫካው ማዶ ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ውኃ ማሳለፊያ ቱቦ አለ። ከክረምቱ ወዲህ አልሄድኩበትም። ዝናቡ ሳይበላው አይቀርም፤ ቀድሜ ልየው?"

"ባለፈው ሳምንት እኔ ራሴ ሄጄበታለሁ" አለ አሰልጣኙ፣ እንግዶቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እንደ ጠረጴዛ ነው!"

"በብስክሌት?" አለ ሙሉቀን። በተንኮል አልነበረም፤ ከመኪና ላይ የማይታይ ነገር ብስክሌት ላይ ስለሚታይ ነው የጠየቀው።

"በምን ታዲያ፣ በአህያ?"

እንግዶቹ ሳቁ። ፊሽካው ተነፋ፤ ሄድን።

ሙሉቀን አመነው። ይህን ነው የማልረሳው። ሰውየው ሲዋሽ እንደሚኖር እያወቅን፣ በመንገድ ይዋሻል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳይነካ ወረደ። እኔ ከኋላው ትንሽ ራቅ ብዬ ነበርኩ። የቱቦው ቦታ ላይ መንገዱ የለም፤ ጎርፉ ወስዶት ድንጋይና ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ሙሉቀን አየር ላይ ሲነሳ አየሁት። እኔ ፍሬኔን ይዤ ሣሩ ላይ ተንከባለልኩ። ስደርስበት አንድ እግሩ ከታፋው በታች ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። አይጮህም። "ብስክሌቷ ተሰበረች?" ነበር ያለኝ።

ፒካፑ ደረሰ። አሰልጣኙ ወረደና መጀመሪያ ብስክሌቱን አነሳ። የፊት ጎማውን አሽከረከረ፣ መሪውን ግራና ቀኝ አዞረ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ።

"ፍጥነት ቀንስ ብዬው ነበር። እግር አለው፣ ጭንቅላት የለውም።"

"አሰልጣኝ! እንደ ጠረጴዛ ነው ብለውን አልነበረም?" አልኩ።

ፊሽካውን ነፋብኝ። ሰው ጭቃ ላይ ተጋድሞ እየቃተተ ፊሽካ ነፋብኝ። ሙሉቀንን መኪናው ላይ እንዲጭኑልን ስለምነው "እንግዶቹን ላድርስና መጣሁ" ብሎ ጋቢና ውስጥ ገባ። ከእንግዶቹ አንዱ ሊወርድ በሩን ከፍቶ ነበር፤ አሰልጣኙ ትከሻውን ይዞ "አይጨነቁ፣ ለእኛ የተለመደ ነው" አለው። ሄዱ። አልተመለሰም። ያነሳን ጭድ ጭኖ ያለፈ አይሱዙ ነው። ሾፌሩ ምንም ሳይጠይቅ ጭዱን በሙሉቀን እግር ሥር ደለደለና ሆስፒታል ድረስ ቀስ እያለ ነዳ።

አሰልጣኙ ሆስፒታል የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ሙዝ ይዞ፣ ከእሱ ጋር ደግሞ ፎቶ የሚያነሳ ሰው። አልጋው ራስጌ ቆሞ የሙሉቀንን እጅ ይዞ ፎቶ ተነሳ። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ያወረደው ያን ቀን ብቻ ነው፤ እንባው እንዳይታይ ነው መሰል፣ ወይም እንባ አለመኖሩ እንዳይታይ። የሙሉቀን እናት ጉልበቱ ላይ ወድቀው "ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉት። አነሳቸውና "አይዞዎት እናቴ፣ ልጅ ነው፣ አልሰማ ብሎ ነው" አላቸው። ከክፍሉ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያን ሙዝ የበላ ሰው ሁሉ እንዲታመም ተመኘሁ። ኋላ እኔም በላሁት፤ ርቦኝ ነበር።

ሙሉቀን ዳነ፤ እግሩ ግን አጠረ። ውድድር በቃው። እኔ ክለቡን ትቼ ብቻዬን መንዳት ጀመርኩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ በማለዳ፣ ከግድቡ ጀርባ ጫካው መሐል ያለው ሜዳ መንገድ ላይ ስደርስ ከሩቅ ቀይ ነገር አየሁ። ጥዶቹ ሥር ወርጄ ቆምኩ።

አሰልጣኝ መርዕድ ነበር፤ ብቻውን። ቀይ ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩ ፔዳል ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ነው። መሬቱን ገፋ፣ መሪው ግራ ቀኝ ተወላገደ፣ ወደቀ። ተነሳ። አቧራውን አራግፎ እንደገና ወጣ፤ እንደገና ወደቀ። እየደጋገመ ወደቀ። ጎልማሳ ሰው እንደዚያ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም፤ እንደ ከረጢት ነው የሚወድቀው፣ እጁን እንኳ በጊዜ አያወጣም። ያኔ ገባኝ። ሰውየው ብስክሌት መንዳት አይችልም። ሰሜን ድረስ ሄዶ በጎማ ርዝመት የቀደመው ሰው ሚዛን መጠበቅ እንኳ አያውቅም።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት አልናቅሁትም። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ብርድ፣ ሰው በማያይበት ቦታ እየወደቀ ሊማር መምጣቱ አሳዘነኝ። የሙሉቀን ነገር ከንክኖት ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ብስክሌቴን እየገፋሁ ወደ እሱ ሄድኩ። ጉልበቱ ተልጦ ደሙ በተላጨው ባቱ ላይ ይወርዳል። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ደህና ነዎት፣ አሰልጣኝ?"

"ፍሬኑን እየፈተሽኩ ነው። ይህ ፍሬን ልክ አይደለም።"

"ኮርቻውን ልያዝልዎት" አልኩት። "ቀስ ብለው ይርገጡ፣ አለቅዎትም። ለማንም አልናገርም፤ ወላሂ።"

ብስክሌቱን አየ፣ መንገዱን አየ፣ እኔን አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እሺ ሊለኝ ነው ብዬ እጄን ወደ ኮርቻው ሰደድኩ። ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ነፋው። ጫካው ሁሉ አስተጋባ።

"ዲሲፕሊን የለሽም! ሴት ልጅ ብቻዋን እዚህ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች? እግር አለሽ፣ ጭንቅላት ግን የለሽም!"

ብስክሌቱን እየገፋ፣ እያነከሰ፣ ሄደ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ በሆዴ አዝኜለት እኖር ነበር። በሳምንቱ ግን ለክለቡ ልጆች "ዘይነባን ያባረርኳት ከግድቡ ጀርባ ጫካ ውስጥ ስላገኘኋት ነው፤ ከማን ጋር እንደሆነ አልናገርም፣ የሰው ልጅ ስም አላጠፋም" ብሎ ተናገረ። ወሬው አባቴ ሱቅ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አባቴ አልጮኸም። ሱቁን ዘግቶ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀመጠኝ።

"እውነት ነው?"

"ብቻዬን ነበርኩ፣ አባዬ።"

"አምንሻለሁ" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ "ሰፈሩ ግን አያምንሽም" አለ።

ብስክሌቱ ተሸጠ። ውኃውን ለመጨረሻ ጊዜ የዞርኩት እሱ ሲወድቅ ያየሁት ቀን ነበር። ጫካ ውስጥ ያየሁትን ለሙሉቀን ብቻ ነገርኩት። እግሩ እስኪያመው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋርጦ "ቢነግረኝ እኮ አስተምረው ነበር" አለ።

ሰው አለመቻሉን አልንቅም፤ እኔም የማልችለው ብዙ ነው። የምንቀው እንዳይታወቅበት ሲል የሰው እግርና የሰው ስም የሚከፍለውን ነው። እሱ ከዚያ በኋላም ዓመታት ሙሉ ፊሽካውን ሲነፋ ኖረ። ልጆች መጡ፣ ልጆች ሄዱ፤ ለሁሉም ነፋሱ ከግራ እንደሚመታ ነገራቸው።

ሠልስቱ ላይ ከሙሉቀን ጋር ሄድን። እሱ አሁን አስኮ መንገድ ላይ ጎሚስታ ቤት አለው፤ እጁን ታጥቦ፣ ጃኬት ለብሶ መጣ። "ለምን ትሄዳለህ?" ስለው "ለቅሶ ነዋ፤ ይኬዳል" አለኝ። ድንኳኑ ሞልቷል። የክለቡ ሊቀመንበር ቆሞ የሕይወት ታሪክ አነበበ። ሰሜን ድረስ የተደረገው ውድድር አለበት። የገፈርሳን ዙር "ፔዳል እየረገጠ ያገኘው" የሚልም አለበት፤ ዙሩም ከእንግዲህ በስሙ እንዲጠራ ተወስኗል ተባለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ።

"የመጀመሪያዋ ሴት ፍሬው እዚህ አለች። እህታችን፣ አንድ ነገር በዪ እስቲ።"

ሙሉቀን ክንዴን ያዘኝ። ተነሳሁ።

"ዙሩን አሰልጣኝ መርዕድ አላገኙትም" አልኩ፤ ለቀስተኛ ፊት አንቱታው አይቀርም። "በብስክሌት ሄደውበትም አያውቁም። ያገኘው እዚህ አጠገቤ የተቀመጠው ሙሉቀን ነው። እግሩም የተሰበረው እዚያው ነው፣ መንገዱ ደህና ነው ተብሎ። ስም ካስፈለገው የእሱ ይሁን።"

አንድ ሽማግሌ ሳሉ። ሊቀመንበሩ "እህታችን ሐዘኑ ከብዷት ነው" ማለት ሲጀምር፣ ከፊት ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ባለቤቱ፣ ወይዘሮ አስካለ፣ እጃቸውን አነሱ።

"ተዋት። ልጄ፣ ነይ እስቲ ወደዚህ።"

ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ። "እግዜር ያጥናዎት" አልኩ። እንደሚሰድቡኝ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድቡኝም አልፈርድባቸውም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"በብስክሌት ሄዶበት አያውቅም አልሽ?"

"አያውቁም፣ እትዬ።"

"ታዲያ አንድ ሰሞን ጉልበቱም ክርኑም ተልጦ እየመጣ በጨው ውኃ ሳጥብለት ነበር። ልጆች ሳሠለጥን ነው ይለኝ ነበር።"

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጥዶቹን፣ ቀይ ብስክሌቷን፣ አወዳደቁን፣ ልያዝልዎት ማለቴን። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

"ደጋግሞ ወደቀ?"

"ደጋግመው ወደቁ።"

"ተነሳ?"

"ተነሱ" አልኩ። "ከዚያ ዋሹኝ።"

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለቅሶ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

"እሱ ነው" አሉ፣ ትንፋሻቸውን ሰብስበው። "ሦስት ቀን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ሲያመሰግኑልኝ ከረሙ። የእኔ ሰው ይኸው አሁን መጣ።"

ፍራሹ ላይ ገፋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ተቀመጪ እስቲ። ሌላስ ምን ዋሸሽ?"